ለናፊያ የሚገዛው የውሃ ሰደርያ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለዓለሙ ገብረመድኅን፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ባለፈው በስልክ ስናወራ ደጋግመህ ትስል ነበርና አልወደድኩልህም፤ ተሻለህ? ያ ቁልቁለት ሲሆን የሚይዝህ ጉልበትህስ? ባለቤትህ ሊድያ እንዴት ናት? የእኛ ኤልሳዕስ፣ የነቀለው ጥርሱ በቀለለት ወይስ አሁንም አፉን ሸፍኖ ነው የሚስቀው? ፈጣሪ ሦስታችሁንም በጤና ያቆይልኝ። እኛ ምስጋና ለእሱ ይሁንና ቆመን እንሄዳለን። እማዬ ደም ግፊቷ ከፍ ዝቅ ቢልም ደህና ናት፤ አሁንም መድኃኒቷን የምትውጠው እኔ ስጮህባት ብቻ ነው። ቧንቧው እንደምታውቀው ነው፤ ሲመጣ እንቀዳለን፣ ሲቀር በርሜሉን እያየን እንውላለን። ሐኪም ጋራ ዘንድሮ ገና አልለመለመም። ዝናቡ ዘግይቶ ጀመረ፣ ከጀመረም በኋላ ልብ የሚሞላ አይደለም።

ለመልእክቶችህ ስላልመለስኩ እንደተቀየምክብኝ ከእማዬ ሰማሁ። የሦስት የሯጭ ውሃ መያዣ ሰደርያ ፎቶ ልከህ፣ ከሥሩ የእያንዳንዱን ክብደትና መጠን ዘርዝረህ፣ «የቱን ልላክ? በአንድ ቃል መልሺልኝ» ብለሃል። ያ የቀጠረህ የስፖርት ዕቃ መደብር ካሉት ሻጮች ሁሉ አንተን የሚያህል ተጨናቂ ያለው አይመስለኝም። አንድ ቃል ቢበቃ ኖሮ የዚያኑ ቀን እልክልህ ነበር። በስልክ እንዳልነግርህ እማዬ አጠገቤ ትቀመጣለች፣ መስመሩም ዋናው ነገር ላይ ስንደርስ ይቋረጣል። ስለዚህ ይህን ወረቀት ወደምትኖርበት ወደ ኢንስብሩክ በሚመለስ ሰው እጅ እሰድልሃለሁ። ሥራ ቦታ ቆመህ፣ ደንበኛ እየጠበቀህ አታንብበው። ቤትህ ገብተህ ተቀምጠህ አንብበው።

ስለ አብሮ አደጋችን ስለ ሩቂያ በስልክ የነገርኩህ ውሸት አልነበረም፤ ግማሹ ነበር። ለልምምድ ቆላ ወርዳ ሙቀት ገደላት አልኩህ። አንተም አለቀስክ፣ እኔም አለቀስኩ፣ በዚያው ተዘጋ። የቀረውን ግማሽ ያልነገርኩህ አንተ ያለህበት ሩቅ አገር ብቻህን ይዘኸው እንዳትቀመጥ ብዬ ነው። አሁን ግን ሌላ ሰደርያ ልትልክ ስለሆነ ሳታውቅ እንድትልክ አልፈልግም።

ያን ብርቱካንማ ሰደርያ አምና በሰው የላክህላት ቀን ትዝ ይልሃል? ደረቱ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ኮዳ የሚሰካበት፣ ኮዳዎቹም ውሃቸው ሲጠጣ እየተጨማተሩ የሚሄዱት፣ ክዳናቸው ሰማያዊ የሆነው። ግቢያቸው ውስጥ ለብሳው እየዘለለች «ወላሂ ንቅንቅ አይልም!» ትል ነበር። እናቷ አዴ ሳዳ በሳቅ ፈረሱ። «ልጄ ገና ዛሬ ጡት አወጣች» ብለው እኛንም ገደሉን። ጊደር መጋላ ገበያ በርበሬና እርድ ሲሸጡ እንኳ ለደንበኛ የሚያወሩት ስለዚያ ሰደርያ ሆኖ ነበር። ከልጅነታችን ጀምሮ ያን ተራራ በሸራ ጫማ አብራን የወጣችው ልጅ የፈረንጅ ሯጭ መሰለች።

አሁን ወደ ክፉው ልግባ። ሚያዝያ ማለቂያ ላይ ነው። አሰልጣኛችን ቢኒያም ያወጣልን ልምምድ ከሐኪም ጋራ ጀርባ ወርደን፣ በኤረር ቆላ በኩል እስከ ደረቁ ወንዝ ሮጠን መመለስ ነበር። የበልጉ ዝናብ ቀርቶ አገሩ ጠውልጓል። በመንገድ ያገኘነው ሰው ሁሉ ቢጫ ጀሪካን ይዞ ወይ ውሃ ፍለጋ የሚሄድ ነው ወይ ባዶውን የሚመለስ። ሩቂያ ቁልቁለት ስለምትፈራ እኔ ቀድሜያት ወረድኩ፤ ወንዙ አሸዋ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት። ስትደርስ ሁለቱም ኮዳዎች ደረቷ ላይ እንደ ደረቀ ቃሪያ ተኮማትረዋል። «ጨረስሽው እንዴ?» አልኳት። «ደህና ነኝ፣ ሐምዱሊላህ» አለች። ደስ አለኝ፣ ታምነኛለህ? ቢኒያም ሁልጊዜ የሚቆጣት ውሃዋን ሳትነካ ስለምትመለስ ነበርና፣ ዛሬስ ሰምታዋለች፣ በደንብ ጠጥታለች አልኩ። ከእኔ የቀረውን ላካፍላት ስል «አንቺ ጠጪ፣ አንቺ ጠጪ» ብላ እጄን መለሰችው።

ዳገቱ ላይ እንደገና ተለያየን። ቢኒያም ከላይ ባጃጅ አቁሞ ውሃና ሙዝ ይዞ ይጠብቀን ነበር። እኔ ደረስኩ፣ እሷ ቀረች። ተመልሰን ወርደን ስንፈልጋት ቁልቋል ሥር ድንጋይ ተደግፋ ተቀምጣ አገኘናት። ገላዋ ይፋጃል፣ ላብ የሚባል ግን የለባትም። ሰደርያው ላይ ያለችው ፊሽካ እንደተንጠለጠለች ናት፤ የምትነፋበት ትንፋሽ አልነበራትም። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ምን ያህል ውሃ እንደጠጣች ጠየቀን። እኔና ቢኒያም ባንድ አፍ ሁለቱንም ኮዳ ጨርሳለች አልን። ባዶውን በዓይናችን አይተን የለ፣ ማን ይጠራጠራል? በማግስቱ ረፋድ ላይ ዐረፈች፣ ከቀትር በኋላ ተቀበረች።

ውሃውን የጠጣችው እሷ አልነበረችም፣ ዓለሙ።

ይህን ያወቅነው ለቅሶው ላይ ነው። ሴቶቹ በተቀመጥንበት ክፍል ደጃፍ አንድ ከቆላ የመጡ ሽማግሌ ቆሙ፤ ከኋላቸው ልጅ ያዘለች ወጣት ሴት አለች። «ደረቷ ላይ ውሃ ያሰረችው ልጅ ቤት ይህ ነው?» ብለው በኦሮምኛ ጠየቁ። ገበያ ከሚመላለሱ ሰዎች ነው ሞቷን የሰሙት። ያን ቀን የልጃቸውን ሚስትና የታመመውን የልጅ ልጃቸውን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይወጡ ነበር። ልጁ ተቅማጥ ይዞት ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ጀሪካናቸው አልቋል። «አልጠየቅናትም» አሉ ሽማግሌው። «ወላሂ አልጠየቅናትም። አፋችን ዝም አለ፤ ዓይናችን ግን ደረቷ ላይ ሄደ። እሷም ዓይናችንን አየች።» አንዱን ኮዳ እዚያው ለልጁ ጠብ ጠብ እያደረገች አጠጣችው፣ ሁለተኛውን ጀሪካናቸው ውስጥ ገለበጠችላቸው። ከዚያም ለማንም እንዳትናገሩ፣ ሰደቃ ተወርቶ ሰደቃ አይሆንም ብላቸው ሮጠች። «እሷ በሕይወት ብትኖር ባልተናገርን ነበር፣ አሁን ግን እናቷ ሳታውቀው እንዳትቀር ብለን መጣን» አሉ።

ልጁ ድኗል። ምንጣፉ ላይ ሲለቁት በሰው እግር መሀል ይድህ ጀመር። አዴ ሳዳ አነሡት፣ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፣ ወተት እንዲያመጡለት አዘዙ። «ልጄ አጅሯን፣ ምንዳዋን ይዛ ሄዳለች» አሉ። ቤቱ ሁሉ አለቀሰ። እሳቸው ግን አላለቀሱም፤ የልጁን አፍ በሻሻቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር። እኔ ወጥቼ ግንቡ ሥር ተቀመጥኩ። ያ አሸዋ ላይ «ደህና ነኝ» ስትለኝ የነበረው ፊቷ መጣብኝ። የሚናገር ሰው መስሎኝ ነበር፣ ለካ የሚደብቅ ሰው ነው። እስከ ዛሬ ውሃ ስቀዳ ያ ፊት ይመጣብኛል።

ለምን አሁን ሰደርያ እንደሚያስፈልግ ልንገርህ። ናፊያን ታውቃታለህ፣ የሩቂያን ታናሽ፤ አንተ ስትሄድ ትንሽ ነበረች፣ አሁን ኮሌጅ ጨርሳ ቁመቷ ከእኔ በልጧል። እግሯም ከእህቷ ይፈጥናል። ሐዘኑ ገና ሳይወጣ እናቷ ገበያ ሲውሉ እሷ በዚያው በቆላው መንገድ ብቻዋን መሮጥ ጀመረች፤ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ በእጇ ይዛ። አዴ ሳዳ ሲደርሱበት የሩጫ ጫማዋን ወስደው በርበሬ መጋዘን ቆለፉበት። በሳምንቱ እሷ በነጠላ ጫማ ስትሮጥ ታየች። ጫማው ሲመለስላት ተረከዙ ድረስ በርበሬ በርበሬ ይሸት ስለነበር ቢኒያም አጠገቧ ሲቆም ያስነጥሰዋል። ኅዳር ላይ እህቷ ልትሮጠው የነበረውን ረጅሙን የተራራ ውድድር እኔ እሮጠዋለሁ ብላለች። እንቢ ብትባልም ትሮጠዋለች፣ ዓይኗን ሳየው ገብቶኛል።

ከዚያ አዴ ሳዳ ቤታችን መጡ። ከለቅሶው ወዲህ ደጃችንን የረገጡት ያን ቀን ነው። እማዬ ቦታ ስትለቅላቸው አልተቀመጡም። «አልከለክላትም፣ ከልክዬ አይቻለሁ» አሉኝ። «ምን ለብሳ እንደምትወጣ ግን አንቺ ትመርጫለሽ። ለመጀመሪያዋ ወንድምሽ መረጠላት።» እንዲህ ነው ያሉት። በክፋት አልነበረም፣ ድምፃቸውም አልተለወጠም፤ ግን ብለውታል፣ እኔም አልሸፍንልህም። ከሄዱ በኋላ እማዬ እጄን ይዛ «ልጄ፣ በዚህ ነገር ውስጥ አትግቢ፤ አንድ ነገር ቢሆን ያንቺ ስም ነው የሚጠራው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን እኔ ካልመረጥኩላት ያችን ጠርሙስ ይዛ ነው የምትወርደው። ለዚህ ነው ሰኔ ላይ ለናፊያ ሰደርያ ፈልግልኝ ያልኩህ፤ አንተም ምኑንም ሳታውቅ ቸር ልብህ ቸኮለ።

ደረቷን ለክተሽ ላኪ ባልከው መሠረት መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ ልብስ ሰፊው ጀማል ዘንድ ወሰድኳት። ሜትሩን እያዞረ «ማሻአላህ፣ ሰርግ ነው?» አላት። «ሩጫ ነው» ስትለው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ቁጥሩን ጻፈልን፤ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ለማንኛውም የምትሮጠው እጅጌው ረጅም በሆነ ሰፊ ሸሚዝ ስለሆነ ከነሸሚዟ ነው ያስለካኋት፤ ሰማንያ አንድ ሴንቲ ሜትር ነው። ብብቷ ሥር የሚፍቃት እንዳይሆን፣ ማሰሪያውም ውሃው ሲሞላ የሚላላ፣ ሲጎድል የሚጠብቅ ይሁን።

ፎቶዎቹን በምሠራበት የፈረስ መጋላው ፎቶ ኮፒ ቤት በቀለም አትሜ ለሁሉም አሳየኋቸው። ሦስተኛውን፣ ትልቁን፣ ወዲያው ጣልነው። እሱ ሌሊትም ቀንም ለሚሮጥ ሰው ነው፤ ካልሞላ ጀርባ ላይ ይንገላታል፣ ናፊያም የምትሸከመው ጓዝ የላትም። የመጀመሪያው እንደ ሩቂያ ኮዳዎቹ ደረት ላይ ናቸው። ሁለተኛው ውሃው ከጀርባ በከረጢት ሆኖ በቀጭን ቱቦ ነው የሚጠጣው።

ቢኒያም የመጀመሪያውን አለ። አንተም በመልእክትህ ወደ እሱ ያደላህ ይመስላል፣ ምክንያታችሁም አንድ ነው፤ ኮዳው ፊት ለፊት ሲሆን የቀረው ውሃ ይታያል፣ ቶሎ ይሞላል፣ ከጀርባ ያለው ግን ማለቁ የሚታወቀው ቱቦው ሲደርቅ ነው። ልክ ናችሁ። ሌላ አገር ቢሆን እኔም እሱን እል ነበር። ግን «ቢኒያም፣ ያን ቀንስ አላየነውም?» አልኩት። «ባዶውን አይተን ምን አወቅን?» ወረቀቱን ገልብጦ አስቀመጠውና ወጣ። ተናድጄበት አይደለም፤ እሱም እንቅልፍ የለውም።

ናፊያን ለብቻዋ ይዤ ጠየቅኳት። «ውሃ ቢጠይቁሽ ትከለክያለሽ?»

«እንዴት ብዬ?» አለችኝ። «አንቺስ ቲጂ፣ ትከለክያለሽ?»  ከዚያም እሷው «ካላዩት ግን አይጠይቁኝም» አለች፣ ቀስ ብላ፣ የሰረቀች ይመስል።

 እኛ ቤት፣ እነሱም ቤት፣ ማንም ሰው ውሃ ደብቂ ተብሎ አላደገም። ያ ልጅ ዛሬ የሚድኸው ኮዳዎቹ የሚታዩበት ቦታ ስለነበሩ ነው። ጀርባዋ ላይ ቢሆኑ ኖሮ ሩቂያ ዛሬ አለች፣ እሱ ግን የለም። ይህን እያሰብኩ አውጥቼ አውርጄ የትም አልደረስኩም። አንተም አትደርስምና ፈላስፋ ሆነህ አትጻፍልኝ። እኔ የማውቀው አዴ ሳዳ አንድ ልጅ ብቻ እንደቀረቻቸው ነው፣ እሷም መንገድ ላይ የሰው ዓይን ካየች የእህቷን ነው የምታደርገው።

ስለዚህ ሁለተኛውን ላክ። ከረጢቱ ሁለት ሊትር የሚይዘው ይሁን። ፊቱ ላይ ያሉት ኪሶች ኮዳ የሚያስገቡ እንዳይሆኑ ደህና አድርገህ እይልኝ። ቱቦው ትከሻዋን ዞሮ ሻሿ ሥር እስኪገባ የሚረዝም ይሁን፤ እንደ ሩቂያ ሻሽ ስለምታስር እዚያ ውስጥ ማንም አያየውም። ከረጢቱን ገልብጦ አየሩን በቱቦው መጥጦ ማውጣት ያልከውን በቪዲዮ ላክልኝ፣ አስተምራታለሁ። አንተ የጻፍከው ውሃው ጀርባ ላይ ሲንቦጫረቅ ሯጭን ስለሚያሰለች ነው። እኔ የምፈልገው ድምፁ ለመንገደኛ እንዳይሰማ ነው።

እኔም አብሬያት እወርዳለሁ። ከእንግዲህ ቀድሜያት አልወርድም፤ የምትጠጣውን ጉሮሮዋን እያየሁ እቆጥራለሁ። አንድ ቀን ያ ሽማግሌ ወይም እንደሳቸው ያለ ሰው ከፊታችን ቢመጣ ሰላምታ ሰጥተን እናልፋለን። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፣ ግን እንዲያ ነው የምናደርገው።

አንተ ገደልካት ማለቴ አይደለም፤ እንዳታስበው። ውሃ ነው የላክህላት። ለእኔ ይቅርታ ብለህ እንዳትጽፍ፣ ለአዴ ሳዳም አሁን እንዳትደውል። የሚከብድህ ሐሳብ ቢመጣብህ ከሊድያ ጋር ተነጋገር፣ ብቻህን አትቀመጥ። ሰደርያውን መስከረም ሳይወጣ በሰው ላክ፤ ከውድድሩ በፊት ደጋግማ ለብሳው መልመድ አለባት።

እማዬ ግንባርህን ስማሃለች፤ ጉንፋንህን ቸል አትበል፣ ኤልሳዕንም አማርኛ አስረሳሁ እንዳትለኝ ብላሃለች። እዚህ የጻፍኩልህን ግን አታውቅም፣ በስልክ እንዳታነሣባት። ቢኒያም ሰላም ብሎሃል፤ ብዙ አላወራም። ጀማል ልብስ ሰፊው በርታ ብሎሃል። ናፊያ ከወዲሁ አመሰግነዋለሁ በይልኝ ብላለች፣ ለሊድያም ሰላምታ አላት። ኤልሳዕን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ።

አዴ ሳዳ ሰላምታ አልላኩልህም። ዛሬ ጠዋት ሱቃቸው ሄጄ የመረጥኩትን አሳየኋቸው፣ ለአንተ እየጻፍኩ እንደሆነም ነገርኳቸው። የሁለተኛውን ፎቶ ወስደው ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው አዩትና «ይሄ ቀለሙ ከሩቅ ይታያል፤ አፈር የሚመስል ካለ ጠይቂው» አሉኝ።

ታላቅ እህትህ ትዕግሥት ገብረመድኅን

ሐረር፣ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.